ገልባጭና ፋቂ

ባለፈው ክረምት ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ቆራጩ ስልኩን ከመስታወቱ ሥር አስደግፎ ትረካ ከፍቶ ነበር። ተራኪው እርጋታ ያለው፣ ጆሮ የሚይዝ ድምፅ አለው። ታሪኩ ስለ አንድ የድሮ ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ መስመር ይሠሩ ስለነበሩ ሰው። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳለፈ ሦስተኛው በምን እንደሚጀምር ዐወቅሁ። አራተኛውንም ዐወቅሁት። ነቢይ ሆኜ አይደለም፤ ጽሑፉ የራሴ ነው።

ዝም ብዬ አዳመጥሁ። ተራኪው መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ «በፎቶግራፉ ላይ ከግራ ሁለተኛው እርሳቸው ናቸው» አለ። ስልኩ ላይ የሚታየው ፏፏቴ ነው። ቆራጩ መቀሱን አንስቶ፣ «ይሄ ልጅ ሲጽፍ እኮ የሆነ ነገር አለው» አለኝ። ምን ልበለው? ቪዲዮው ሲያልቅ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ምንጭ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ» የሚል መስመር አለፈ። ቲማቲሙን ከማን ገዛኸው ሲባል «ከገበያ» ብሎ እንደ መመለስ ነው።

በአማርኛ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ የዚህ ዓይነት ታሪክ አያጣም። ጽሑፉ ጠዋት ይወጣል፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ አምስት የቴሌግራም ቻናል ላይ ይገኛል፤ ማታ አንድ የፌስቡክ ገጽ የራሱን አርማ ለጥፎበት ይወጣል፤ በሳምንቱ ትረካ ይሆናል። አዘጋጆች ሲገናኙም ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ መቆለፊያ ይሄዳል፦ እንዳይገለበጥ ምን እናድርግ? እኔ ግን ከመነሻው ጥያቄው የተሳሳተ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

በብራና መጻሕፍታችን ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ውግዘት ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉን የሰረቀም ሆነ የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝዝ ነው። አጻጻፉ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አይለወጥም። ልብ ብላችሁ እዩት፤ የገለበጠውን አያወግዝም። ሊያወግዝም አይችልም፤ መጽሐፉ ራሱ ከሌላ የተገለበጠ ነውና። ለቁም ጸሐፊው መገልበጥ ሥራውም ጽድቁም ነበር፤ እርሱና መሰሎቹ ወራት እየፈጀባቸው ባይገለብጡ ኖሮ ዛሬ የምናነበው አይኖርም። ውግዘቱ የሚያነጣጥረው ብራናውን ይዞ በሚሄደውና በሚፍቀው ላይ ነው። የሚፋቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስም ነው፦ ያጻፈው፣ የገዛው ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው ሰው ስም። በቢላ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም የተጻፈባቸው ገጾች ዛሬም ድረስ አሉ፤ ቦታው ሳስቶ፣ ሻክሮ፣ ቀለሙ ፈዝዞ ይታወቃል።

እንግዲህ የድሮ ሰዎች ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር። እኛ ቀላቅለነዋል። ቁጣችንን ሁሉ ገልባጩ ላይ ስናወርድ ፋቂው በመሀል ሾልኮ ይሄዳል። የጎዳኝ የፀጉር ቤቱ ተራኪ ጽሑፌን ማንበቡ ሳይሆን ስሜን መፋቁ ነው። ካነበበልኝስ አሥር ሺህ ሰው ሰማልኝ ማለት ነው።

ስለ ሌባ አያያዝ ከተነሣ አሜሪካ ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚህ መስክ እንደዚህ የሚያስቅም የሚያስተክዝም ታሪክ አላጋጠመኝም። ጂኒየስ የዘፈን ግጥሞችን ከነማብራሪያቸው የሚያወጣ ድረ ገጽ ነው። ሠራተኞቹ እያዳመጡ፣ አንዳንዴም ከዘፋኞቹ ጋር እያስተካከሉ የሚያወጧቸው ግጥሞች ጉግል በመልስ ሳጥኑ ውስጥ ከሚያሳያቸው ጋር ቃል በቃል እየገጠሙ ተቸገሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ዘዴ ዘየዱ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከቃል መሀል የምትገባው ነጠላ ጭረት ሁለት መልክ አላት፤ ቀጥ ያለችና ጎበጥ ያለች። አንባቢ ልዩነቱን አያይም። ጂኒየሶች ሁለቱን በምሥጢራዊ ቅደም ተከተል አሰባጥረው አስገቧቸው። ቀጥ ያለችውን ነጥብ፣ የጎበጠችውን ሰረዝ አድርጎ በሞርስ የቴሌግራፍ ፊደል ለሚያነብ ሰው አንድ ቃል ይወጣል፤ ወደ እኛ ስንመልሰው «እጅ ከፍንጅ» ማለት ነው። ያው ቅደም ተከተል ጉግል ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ጋዜጦች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ሲጽፉት ዓለም ሳቀ። ጉግል ግጥሞቹን ፈቃድ ካላቸው አቅራቢዎች እንደሚያገኝ ተናገረ። ጂኒየስ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጉግልንና ሊሪክፋይንድ የተባለውን አቅራቢ ከሰሰ።

ተረታም። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ክሱን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚው በ2022 አጸናው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2023 ጉዳዩን አላይም አለ። ምክንያቱ ሲሰሙት ያናድዳል፣ ሲያስቡት ግን ትክክል ነው። ግጥሞቹ የገጣሚዎቹና የአሳታሚዎቻቸው እንጂ የጂኒየስ አይደሉም፤ ጂኒየስ ራሱ የሚያወጣቸው በፈቃድ ነው። የቅጂ መብት ስለሌለው «የአጠቃቀም ውሌን ጥሰዋል» ብሎ በውል ሕግ በኩል ሊገባ ሞከረ። ዳኞቹ ይህ ልብሱን የቀየረ የቅጂ መብት ክስ ነው፣ መብቱ ደግሞ የአንተ አይደለም አሉት። እጅ ከፍንጅ መያዝና መርታት ለየቅል ናቸው።

ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። ካንሳስ ውስጥ ሩራል የሚባል ትንሽ የስልክ ድርጅት ነበር። የስልክ ማውጫውን ሲያሳትም አራት የሌሉ ሰዎች ስም ጣል አደረገበት፤ ወጥመድ መሆኑ ነው። ፋይስት የተባለ ሌላ አሳታሚ ሰፋ ያለ ማውጫ ሲያወጣ ከሩራል ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ 1,309 ስሞች ተገኙበት፤ አራቱ የሌሉት ሰዎች ከነስልካቸው እዚያው ነበሩ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ለፋይስት ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። የቅጂ መብት ለላብ የሚከፈል ደመወዝ አይደለም፤ የሚጠብቀው ወጥ የሆነ አቀራረብን ነው፤ ስምና ስልክ በፊደል ተራ መደርደር ደግሞ ወጥ ሥራ ሊባል አይችልም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

በተቃራኒው የተፈረደም አለ፤ ግን መቶ ዓመት አልፎታል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጋዜጣ ባለሀብቱን የኸርስትን የዜና ወኪል በኬብሎቻቸው እንዳይጠቀም ከለከሉት። ወኪሉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የተፎካካሪው የዜና ወኪል የአሶሺየትድ ፕሬስ አባላት ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ከሚያወጧቸው የጠዋት ጋዜጦችና ከማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ዜናውን እየለቀመ በቴሌግራፍ ወደ ምዕራብ ይልካል። ሰዓቱም ያግዘዋል፤ ኒውዮርክ ሦስት ሰዓት ቀድማ ትነቃለች። እ.ኤ.አ. በ1918 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ያልዘሩትን ማጨድ ነው ብሎ ለአሶሺየትድ ፕሬስ ፈረደ። ዳኛ ብራንዳይስ ግን ተለዩ፤ ዕውቀት አንዴ ከአፍ ከወጣ በኋላ እንደ አየር የሁሉ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አካሄድ ሳየው፣ በድምፅ የተረቱት ብራንዳይስ በዘመን ብዛት የረቱ ይመስለኛል። ዛሬ ሦስት ቀን ደጅ ጠንቶ ዜና ያገኘ ጋዜጠኛ በዜናው ውስጥ ያለው እውነት የእርሱ አይደለም። የእርሱ የሚባለው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

የጂኒየስን ታሪክ ሳነብ ግን ልቤ የሄደው ወደ ፊደላችን ነው። አሜሪካኖቹ አንዲት ጭረት ይዘው ይህን ያህል ከተጫወቱ፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ዐይኑ ዐ፣ አልፋው አ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ ያሉን ሰዎች ምን አንሶን? ሞከርሁት። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ዓለም»ን ሦስት ጊዜ በዐይኑ፣ አራተኛዋን በአልፋው ጻፍሁ፤ «ሥራ»ን አንዴ በንጉሡ፣ ሁለት ጊዜ በእሳቱ። ቦታቸውን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ መዘገብሁ። በማግስቱ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ከነሙሉ ስብጥራቸው አገኘኋቸው። ደስታዬ አይጠየቅ። ለቻናሉ ባለቤት ጻፍሁለት፤ የመለሰልኝን ልናገር፦ «ወንድሜ፣ ሁሉም ሰው እኮ እንደዚህ ነው የሚሳሳተው።» እውነቱን ነው። የአማርኛ ድረ ገጽ አጻጻፍ ከመዘበራረቁ የተነሣ ወጥመዴ ከተራ ስሕተት አልተለየም። ይባስ ብሎ ግእዝ የተማሩ አንድ አንባቢ ንጉሡንና እሳቱን መለየት ካቃተህ ብዕርህን አስቀምጥ የሚል ረጅም ተግሣጽ ላኩልኝ። እስከ ዛሬ ምሥጢሩን አልነገርኋቸውም፤ እዚህ ካነበቡ ይቅርታ።

የፀጉር ቤቱ ተራኪ ላይማ ይህ ወጥመድ ጭራሹን አይሠራም። ሠ እና ሰ ዐይን ይለያቸዋል እንጂ ጆሮ አይለያቸውም። ድምፅ የፊደሉን ምልክት ሁሉ አራግፎ ያልፋል። የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባለው መቆጣጠሪያም ድምፅን ከድምፅ፣ ምስልን ከምስል ያመሳስላል እንጂ ጽሑፍ በሰው አፍ ሲነበብ «ይህ የእገሌ ነው» አይልም። ተራኪውን ያጋለጠው ያ ፏፏቴ ብቻ ነው።

መቆለፊያዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ብዙ የሚባልላቸው አይደሉም። ማውሱን በቀኝ ሲጫኑት እንዳይሠራ፣ ጽሑፉ እንዳይመረጥ ማድረግ ይቻላል። አንባቢያችን በስልክ ስለሚያነብ ስክሪንሹት ያነሣና ይጨርሰዋል። የሚቸገረው አንድ ቃል መርጦ ትርጉም ሊፈልግ የነበረው ቅን አንባቢ ነው። ጽሑፉን በምስል ማውጣትም አለ፤ መሥሪያ ቤቶቻችን መግለጫ ሲያወጡ የሚወዱት ይህን ነው። ያን ጊዜ ዐይነ ስውር አንባቢ ስልኩ አያነብለትም፣ ፈላጊም በቀላሉ አያገኘውም፤ ገልባጩ ደግሞ ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ መሣሪያ አለው፣ አማርኛም ያነብለታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቴሌግራም ላይ ያለው ነገር ነው። አንድን ጽሑፍ ፎርዋርድ ስታደርጉት፣ ሆን ብላችሁ ካልደበቃችሁት በስተቀር፣ ከአናቱ ከየት እንደመጣ ተጽፎ ይሄዳል። ሲነኩትም ወደ ባለቤቱ ቻናል ይወስዳል። ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉት ግን ስሙ ወድቆ ይቀራል። ፎርዋርድ ያደረገው የድሮው ቁም ጸሐፊ ነው፤ ኮፒ ያደረገው ቢላ የያዘው ሰውዬ ነው። አሁን ብዙ የቻናል ባለቤቶች «እንዳይሰረቅብን» ብለው ፎርዋርድ ማድረግን ከልክለዋል። ውጤቱን አስቡት፦ ስሙን ይዞ የሚሄደው መንገድ ተዘጋ፤ ሊያካፍል የፈለገ ሁሉ ሌላ ዘዴ ፈልጎ ጽሑፉን ያለ ስሙ ይልካል። ገልባጩን ለመያዝ ብለን አንባቢውን በሙሉ ፋቂ አደረግነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። አገራችን በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አልቆመችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚደነግግ ክፍል ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ያንን ተካው። በአዋጁ መሠረት ወጥ የሆነ ጽሑፍ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል፤ ጥበቃው የደራሲውን ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ሐሳብና ተራ መረጃ ከጥበቃ ውጭ ናቸው፤ እዚህ ላይ ከብራንዳይስ ጋር እንገናኛለን። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ተደንግጎበታል። ደራሲው ከኢኮኖሚያዊ መብቱ በተጨማሪ የሞራል መብት አለው፤ ከሞራል መብቶቹ አንዱ የሥራው አመንጪ እርሱ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ነው። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ደግሞ ከ100 ሺህ ብር እንዳያንስ ወለል ተበጅቶለታል። ሕግ አውጪው አስቦበት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ለስም ያደላ ሕግ ነው።

ታዲያ ለምን አይሠራም? አዋጁ ሲወጣ የሚታየው ጠላት ካሴትና ሲዲ የሚያባዛው ነጋዴ ነበር። ያ ሰው ሱቅ አለው፣ ማባዣ ማሽን አለው፣ ፖሊስ ሄዶ ዕቃውን ይይዛል። ዩቲዩብ ገና አልተወለደም። ዛሬ የምንከሰው የቅጽል ስም ነው፤ ቻናሉን የሚያስተዳድረው ሰው አዲስ አበባ ይሁን ጅዳ አይታወቅም። ቅጣቱም ከክብደቱ የተነሣ እጅ ያስራል። ትረካ አንብቦ ሁለት መቶ ዶላር ያገኘን ልጅ አምስት ዓመት ላስፈርድበት ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ጸሐፊ ማን ነው? እኔ አይደለሁም። አነስ ያለ፣ በቶሎ የሚወሰን፣ «ስሙን መልስ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚል መንገድ ቢኖር ግን ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

ስለዚህ በተግባር የአማርኛ ጸሐፊ የሚዳኘው በአሜሪካ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ዩቲዩብን፣ ፌስቡክንና ጉግልን የመሰሉትን ድርጅቶች አቤቱታ ሲደርሳችሁ ጽሑፉን ቶሎ ካነሣችሁ በካሳ አትጠየቁም ይላቸዋል። ድርጅት ከኪሱ ማውጣት አይፈልግምና ቶሎ ያነሣል። ዩቲዩብ ላይ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የተቀጣ ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ተከሳሹ መልስ ከሰጠና ከሳሹ ፍርድ ቤት ካልሄደ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጽሑፉ ይመለሳል።

ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው፣ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ስሙንና አድራሻውን መስጠት አለበት፤ ያም ለተከሳሹ ሊደርስ ይችላል። በብዕር ስም ለሚጽፍ ወይም ስለ ፖለቲካ ለሚጽፍ ሰው ይህ ከስርቆቱ የባሰ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ቢላው በሁለት በኩል ይቆርጣል። ጽሑፍ ገልብጦ፣ የቆየ ቀን ለጥፎበት፣ ዋናውን ጸሐፊ «ሰረቀኝ» ብሎ የሚያስነሣ አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረተው አንድ ክስ በሐሰተኛ አቤቱታ ከ117 ሺህ በላይ የድረ ገጽ አድራሻዎችን ለማስነሣት ስለሞከሩ ሰዎች ነው። ከዚህ የሚያድነው ቀንን ማስመስከር ብቻ ነው። ዌይባክ ማሽን የሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት አለ፤ ጽሑፋችሁ በወጣ ሰዓት አድራሻውን ብታስገቡለት ገጹን ከነቀኑ ያስቀምጥላችኋል። ነፃ ነው፤ ምስክርነቱም ከራሳችሁ ቃል ይሻላል። እኔ ከዚያ ፀጉር ቤት ወዲህ አንድም ቀን ዘልዬው አላውቅም።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሆናችሁ የአማርኛ ድረ ገጽ የምታዘጋጁ ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ። በአሜሪካ ሕግ እዚያው የወጣ ሥራን አስመልክቶ ለመክሰስ አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ያረጋገጠው እንዲያውም በአንድ የዜና ድረ ገጽ ጉዳይ ላይ ነው። የቅጂ መብት ቢሮው ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ጀምሮ የዜና ድረ ገጾች የአንድ ወር ሥራቸውን በአንድ ማመልከቻ፣ በ95 ዶላር እንዲያስመዘግቡ ፈቅዷል። አዲስ አበባ ላይ ለሚያወጣው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ አገራችን ከበርን የቅጂ መብት ስምምነት ውጭ ሆና ረጅም ዘመን ቆይታለች።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሰው ነው። አሁን ግን ሰው ያልሆነ ገልባጭ መጥቷል፤ ጥያቄ ሲጠይቁት ካነበበው ሁሉ ጨምቆ የሚመልሰው የሰው ሠራሽ አስተውሎት። ይህኛው ዓረፍተ ነገሩን ላይገለብጥ ይችላል። እውነቱን ይወስድና በራሱ ቃል ያስቀምጠዋል፤ ሕጉ ደግሞ እውነትን አይጠብቅም ብለናል። ድረ ገጾች ለእንዲህ ዓይነቱ ጎብኚ ማርታይን ኮስተር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያመጣውን ሮቦትስ የተሰኘ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣሉ፤ «እዚህ አትግባ፣ እዚያ ግባ» የሚል። በር ላይ ከተለጠፈ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ከሚል ታፔላ የተለየ አይደለም። ውሻ የለም። ጨዋው አንብቦ ይመለሳል፤ ሌላው ዘሎ ይገባል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2025 ውሻ ተገኘ ተባለ። ከዓለም ድረ ገጾች አንድ አምስተኛ ያህሉ በእኔ በኩል ያልፋሉ የሚለው ክላውድፍሌር የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት አዲስ ደንበኞቹን ከእነዚህ ማሽኖች በነባሪነት እንደሚከለክል፣ መግባት የፈለገም እንዲከፍል መንገድ እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ያወጣው ቁጥር ከማስታወቂያው ይበልጥ አስደነገጠኝ። ጉግል አንድ ሰው ወደ ድረ ገጹ ለመላክ 14 ገጽ ሲያነብ፣ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅቶች ኦፕንኤአይ 1,700፣ አንትሮፒክ ደግሞ 73 ሺህ ገጽ ያነቡ ነበር። ቁጥሩ የድርጅቱ ነው፣ ድርጅቱም የሚሸጠው ነገር አለው፤ ተጠራጥራችሁ አንብቡት። ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን ግን የሚነግረን ስለ መገልበጥ አይደለም። ወደ ባለቤቱ የሚመልሰው መንገድ እየጠፋ መሆኑን ነው።

በፍርድ ቤት በኩል ያለው ገና እየተሠራ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ ኦፕንኤአይን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከሷል። አንትሮፒክ ከተሰረቁ የመጻሕፍት ክምችቶች በማውረዱ ከደራሲዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2025 በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመታረቅ ተስማምቷል፤ ወደ 500 ሺህ ለሚጠጉ መጻሕፍት፣ ለእያንዳንዱ 3 ሺህ ዶላር ገደማ። በዚህ ስምምነት ለመካተት መጽሐፉ በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጊዜው የተመዘገበ መሆን ነበረበት። መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ደራሲ መጽሐፉ ክምችቱ ውስጥ ቢኖርም ከገንዘቡ አይደርሰውም። እንደገና ስም!

የሀና የሐ ወጥመዴስ? እርሱም አልተረፈም። አማርኛን ለማሽን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ሥራቸው ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ ነው፤ ሐም ኀም ሀ ይሆናሉ፣ ሠ ሰ ይሆናል። ማሽኑን እንዳያደናግሩት ነው፤ ክፋት የለበትም። ምልክቴ ግን ማንም ሳያየው ይፋቃል።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። የድረ ገጻችን አዘጋጆች ለመቆለፊያ የሚያወጡትን ጊዜ ለስም ያውሉት። ፎርዋርድ ማድረግን ክፈቱ። ጽሑፋችሁን ለማውጣት የሚጠይቅ ካለ፣ ዋናው የማን እንደሆነ ለመፈለጊያ ሞተሮች የሚናገረውን መስመር ከገጹ ራስ ላይ እንዲያስገባ ጠይቁና ፍቀዱለት፤ ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት ይህን መስመር እ.ኤ.አ. በ2009 ተቀብለውታል። የጸሐፊውን ስም ከርዕሱ ሥር ብቻ አትተዉት፤ ጽሑፉ ሆድ ውስጥም አስገቡት፣ ሲገለበጥ አብሮ ይሂድ። «በፎቶግራፉ ላይ ከግራ ሁለተኛው» የሚል ሐረግ ካላችሁም ተዉት፤ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል።

ለተራኪዎቹም አንድ ቃል አለኝ። ያን ወጣት በመጨረሻ አግኝቼ ጽፌለት ነበር። «ምንጭ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ» አለኝ፤ ከዚያ ቪዲዮውን ሳያነሣ፣ ስሜንም ሳያስገባ ዝም አለ። እኔም አቤቱታ አላስገባሁበትም፤ ድምፁን ወድጄዋለሁ። የምጠይቀው ጥቂት ነው፦ ትረካውን ስትጀምር የጸሐፊውን ስምና ጽሑፉ የወጣበትን ቦታ አንብብ። ለክቼዋለሁ፤ አራት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።